ከምን ዘር ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰፈራችን ሱቅ ዘይት ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት ጀሪካን አወረደልኝ። «ይሄኛው ከምንድን ነው የተጨመቀው?» አልኩት። ጀሪካኑን ወዲህ ወዲያ አገላበጠና «ኮሌስትሮል የለውም ነው የሚለው፣ ጋሼ» አለኝ።

«እሱስ ጥሩ፤ ከምን ዘር ነው?»

«ዘር?» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። በዚህ ዘመን ያንን ቃል ሱቅ ውስጥ የሚያነሳ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅምና አልፈረድኩበትም። «የእህሉን ነው የምልህ» ብዬ አረጋጋሁት። ሁለታችንም ሳቅን። ጥያቄዬ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ጀሪካኑ ላይ የአገሩ ስም አለ፣ ሊትሩ አለ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ፣ ቫይታሚን እንደተጨመረበት ተጽፏል። «የአትክልት ዘይት» ይላል። የትኛው አትክልት? ከየት ማሳ? ምን ዓይነት ዘር? ዝም።

እናቴ ቤት ደግሞ ከእኔ ዕድሜ የማይተናነስ አንድ የእርዳታ ዘይት ጣሳ አለ። ዘይቱ ካለቀ ዘመን የለውም፤ ጣሳው ግን ሽሮ ሰፍሯል፣ በርበሬ ሰፍሯል፣ አሁን ጤና አዳም በቅሎበታል። የሰጪው አገር ባንዲራና «አይሸጥም፣ አይለወጥም» የሚለው ትእዛዝ እስካሁን ይነበባል። ስለ ዘሩ እዚያም ላይ አንዲት ቃል የለችም። ትውልድ ሙሉ በልተን «ከምን ዘር ነው?» ያልነው ስንቶቻችን ነን?

ይህ ጥሪ ከዚች ጥያቄ ይነሳል። ለሸማቹ ነው፣ ለገበሬው ነው፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ለእህል ነጋዴው፣ ለተመራማሪው፣ ባሕር ማዶ ሆኖ እንጀራ ለሚናፍቀው ወገን ነው። ጥያቄውን እያንዳንዳችን በየሱቁ ብንጠይቅ ባለሱቁን ከማስደንገጥ አያልፍም። አንድ ላይ ከጠየቅን ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። በሕጋችን ቋንቋ «ልውጥ ሕያው» የሚባለው ዘረ-መሉ በቤተ ሙከራ የተለወጠ ተክል፣ እንስሳ ወይም ረቂቅ ሕዋስ ነው። አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ-መል ጥጥ ውስጥ ይገባና ጓይ ትል ጥጡን ሲበላ ይሞታል። ወይም አኩሪ አተሩ አረም ማጥፊያ ሲረጭበት አረሙ ይሞትና እሱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በ29 አገሮች 190 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በእንዲህ ዓይነት ሰብል ተሸፍኖ ነበር። ሰብሎቹ በአብዛኛው አራት ናቸው፤ አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥ እና ካኖላ። አሜሪካ ውስጥ ከሚዘራው አኩሪ አተር ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ልውጥ ነው፤ በብራዚልና በአርጀንቲናም እንዲሁ ያመዝናል። የዓለምን የአኩሪ አተር ገበያ የያዙት ደግሞ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ዘሩ ማሳችን ላይ ሳይዘራ ዘይቱ ድስታችን ውስጥ ሊገባ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

«መርዝ አበሉን» ብዬ ልጮህ አልመጣሁም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ጥናት ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ምግቦች ከነባሮቹ ይልቅ ጤናን እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ይህን ደብቆ ሕዝብ የሚያስፈራራ ሰው አብሮኝ እንዲሰለፍ አልፈልግም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወደ አገራችን ምን እንደገባ የሚያውቀው ማነው? ከእኛ ምን እንደወጣስ የሚመዘግበው? ነገሩ ሲበላሽ ዕዳውን የሚከፍለው ማነው? ለሦስተኛው መልስ አለኝ። ገበሬው ነው። ከዚህ በታች የማወራው ስለዚያ ነው።

ይህን ጥያቄ በዓለም አደባባይ ቆመው ከጠየቁት ግንባር ቀደሙ የእኛው ሰው ነበሩ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካን ቡድን እየመሩ ስለ ልውጥ ሕያዋን ንግድ በተደረገው ድርድር ለዓመታት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ካርታሄና ላይ፣ ስምምነቱ ሊፈረም ሲል ፈረሰ። «የማያሚ ቡድን» የተባሉት ስድስት እህል ላኪ አገሮች፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊ እና ኡራጓይ፣ አንቀበልም ብለው ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሞንትሪያል ላይ እንደገና ተቀምጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጨቃጭቀው፣ ጥር 29 ቀን 2000 ሊነጋጋ ሲል የካርታሄና የደህንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ጸደቀ። ዶክተር ተወልደ በዚያው ዓመት «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በመጋቢት 2023 በ83 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙ ተባለላቸው። ትተውልን የሄዱትን መሣሪያ አንስተን ስንሠራበት ግን ብዙም አልታየንም።

መሣሪያው ምንድን ነው? ፈረንጆቹ ረጅም ስም ሰጡት እንጂ ፍሬ ነገሩ እኛ ዘንድ ድሮም ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ሳይንሱ ሙሉ በሙሉ እስኪያረጋግጥ ሳይጠብቅ አገር «ቆይ፣ ልመርምር» የማለት መብት አለው። ዘር ላኪው ዘሩ ከመግባቱ በፊት አሳውቆ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ውሳኔ ሲሰጥ የገበሬው ኑሮና የነባሩ ብዝኃ ሕይወት ጥቅም በሚዛን ሊገባ ይችላል። ሕዝቡም እንዲያውቅና እንዲሳተፍ መንግሥታት ተስማምተዋል። ይህ የመጨረሻው በአንቀጽ 23 ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማንም አንብቦ ይጠይቅበት።

ቀዳዳም አለው። ለምግብና ለመኖ በመርከብ የሚጫነውን እህል በተመለከተ ላኪዎቹ አገሮች ያስገቡት ቃል «ሊኖርበት ይችላል» የሚል ነው። እናት ልጇን «ምሳ ምን በላህ?» ብትለው «እንጀራ ሊሆን ይችላል» ብሎ እንደመመለስ ነው። ደግሞም ፕሮቶኮሉ የሚገዛው ሕያው የሆነውን፣ ሊበቅል የሚችለውን ነው። ዘይት አይበቅልም። ስለዚህ ያ የሱቁ ጀሪካን ካርታሄናን አያውቃትም፤ እሱን የሚነካው የአገር ውስጥ የምግብ ገላጭ ጽሑፍ ደንብ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ቀዳዳ በራሱ ሕግ ደፍኗል። እዚያ ከልውጥ አኩሪ አተር የተጨመቀ ዘይት፣ የተለወጠው ዘረ-መል በላብራቶሪ ባይገኝበት እንኳ፣ «ልውጥ» ተብሎ ሊጻፍበት ግድ ነው። ባለማወቅ ለሚፈጠር ድብልቅ የተፈቀደው እስከ 0.9 በመቶ ነው። አሜሪካ በበኩሏ ከጥር 2022 ጀምሮ የምግብ አምራቾች በማሸጊያው ላይ እንዲገልጹ ብታስገድድም፣ የተለወጠው ዘረ-መል የማይገኝበትን የተጣራ ዘይት ነፃ አድርጋዋለች። ሁለት ሀብታም ገበያ፣ አንድ ዓይነት ዘይት፣ ሁለት መልስ። እኛ የትኛውን እንመርጣለን? ወይስ የመጣልንን?

ሕግ አልጠፋንም። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ከወጣ ቆይቷል። ከመጥበቁ የተነሳ ለምርምርም አላፈናፍን አለ ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ላላ። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ጓይ ትልን የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ፣ ዝርያው ከሕንድ የመጣ፣ እንዲዘራ ተፈቀደ። የአገዳ ቆርቁርን እንዲቋቋም የተለወጠ በቆሎም በተከለለ ማሳ ሲሞከር ቆይቷል። ከመጥበቅ ወደ መላላት የተሄደበትን መንገድ የሚደግፍ አለ፣ የሚያወግዝ አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ በመንገዱ ላይ ስንቶቻችን ነበርን የሚለው ነው። በእድር፣ በዩኒየን ጉባኤ፣ በቀበሌ አዳራሽ የተወያየበትን ሰው ስፈልግ ከርሜ አንድም አላገኘሁም። ምናልባት የኔ ፍለጋ ጠቦ ይሆናል። የተወያየ ካለ ይንገረኝ፣ ደስታዬ ወደር የለውም።

የጥጡን ነገር ካነሳን ከቡርኪና ፋሶ የቀረበ ትምህርት የለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የቡርኪና ገበሬዎች በገፍ ልውጥ ጥጥ ዘሩ። ሐቁን እንናገር፣ ገበሬው ወደደው። በክረምቱ ስድስት ጊዜ ይረጭ የነበረው ፀረ-ተባይ ወደ ሁለት ወረደለት። በጀርባው የመርዝ ታንክ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ይህን እፎይታ ሊንቀው ይችላል፤ እኔ አልንቀውም። ችግሩ የመጣው ከመዳመጫ ፋብሪካው ነው። የቡርኪና ጥጥ በእጅ የሚለቀም፣ ጭረቱ ረጅም በመሆኑ በዓለም ገበያ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ነበር። አዲሱ ዝርያ ሲዳመጥ ጭረቱ አጠረ፤ ከጥሬው የሚወጣው የተዳመጠ ጥጥም ቀነሰ። ጥጡ ማሳ ላይ አሸንፎ ገበያ ላይ ተሸነፈ። የአገሩ የጥጥ ኩባንያዎች ለዓመታት ኪሳራ ሲቆጥሩ ከቆዩ በኋላ በ2016 ወደ ነባሩ ዘር ተመለሱ፤ ከዘሩ ባለቤት ጋርም የካሣ ክርክር ገጠሙ።

ልብ በሉ፣ ማንም አልታመመም። አንድም ሰው ጥጡን በልቶ አልሞተም። ግን አንድ አገር ለብዙ ዓመታት የገነባውን ስም በጥቂት ሚሊሜትር ጭረት አጣ። እኛ ስለ ልውጥ ሰብል ስንከራከር «ይገድላል፣ አይገድልም» ላይ ተቸክለን እንቀራለን። ገዢው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ምንድን ነው? ንጹሕ ነው? ወረቀቱ የታለ?

ወረቀት የሌለው ምን እንደሚደርስበት ከሩዝና ከተልባ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ከአሜሪካ ረጅም ፍሬ ሩዝ ውስጥ ማንም ያልፈቀደው፣ ከሙከራ ማሳ አምልጦ የወጣ ልውጥ ዝርያ ተገኘ። ጃፓን በሯን ዘጋች፣ አውሮፓ እያንዳንዱን ጭነት ካልፈተሽኩ አለች፣ የሩዙ ዋጋ ወደቀ። ገበሬዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ባየር የተባለው ኩባንያ በ2011 እስከ 750 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እነዚያ ገበሬዎች ጠበቃም ፍርድ ቤትም ነበራቸው። የካናዳዎቹ የተልባ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። «ትሪፊድ» የሚባል ልውጥ ተልባ ነበራቸው። ገበሬዎቹ ራሳቸው «ይህ የአውሮፓን ገበያ ያሳጣናል፣ ይሰረዝልን» ብለው በ2001 አሰረዙት፤ ዘሩ ተሰብስቦ እንዲወድም ተደረገ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ አውሮፓ ውስጥ በዳቦና በቁርስ እህል ውስጥ ተገኘ። ጠፋ ያሉት ዘር ከጎተራ ወደ ጎተራ ሲሸጋገር ኖሯል። ካናዳ የተልባዋ ዋነኛ ገዢ ፊቱን አዞረባት።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ይችሉታል» እንበል። እኛስ? በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች። ነገሩ ከልውጥ ዘር ጋር አይገናኝም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ጥርጣሬው ከቡናው ወደ ጆንያው ዞረ፤ ጆንያው ነው የበከለው ተባለ። የጫካ ቡናችን፣ መድኃኒት የሚባል ነገር የማያውቀው ቡናችን፣ በጆንያ ተከሰሰ! ወደ ጃፓን የሚላከው ቡና ለጊዜው ቆመ ሊባል በሚችል ደረጃ አሽቆለቆለ። በአንድ ጆንያ ይህ ከሆነ በአንድ ዘር ምን ይሆናል? ሰሊጣችንን፣ ቦሎቄያችንን፣ ማራችንን የሚገዛው ነገ «ከልውጥ ዘር ነፃ መሆኑን አረጋግጡልኝ» ቢል የምናሳየው መዝገብ የታለ? የሞያሌን በር አስቡት። ኬንያ በ2012 ልውጥ ምግብ እንዳይገባ አገደች፤ በጥቅምት 2022 እገዳውን አነሳች፤ ከዚያ ወዲህ በፍርድ ቤት እየተናነቁበት ነው። እነሱ እስኪለይላቸው በቆሎ በጆንያ ድንበር ማቋረጡን አያቆምም። በቆሎ ደግሞ በነፋስ የሚዳቀል ሰብል ነው፤ ፓስፖርት አይጠይቅም።

የተራበ ይመርጣል ወይ የሚለኝ አለ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ደቡባዊ አፍሪካን ድርቅ ሲመታት አሜሪካ ለዛምቢያ በቆሎ አቀረበች፤ በቆሎው ልውጥ ነበረበት። ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ አንቀበልም አሉ። ሕዝባቸው እየተራበ ነበር። ዚምባብዌ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ተፈጭቶ ይምጣልን አሉ። ዱቄት ይበላል፣ አይዘራም፤ ማሳቸውም ነባር ዘራቸውም ሳይነካ ሕዝባቸው በላ። ማን ልክ ነበር? እኔ ከወፍጮው ጎን ነኝ። ግን ልብ የሚነካው ነገር አራቱም አገሮች ውሳኔውን የወሰኑት ሬሳ አጠገብ ቆመው መሆኑ ነው። ላብራቶሪ፣ ሕግና ወፍጮ አስቀድሞ የተዘጋጀለት አገር በረሃብ መካከል እንዲህ ያለ ምርጫ አይገጥመውም ነበር። የሰባ ሰባቱን ረሃብ ያየ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዛሬ እንደ ነገሩ በልተን ባደርንበት ቀን ነው ደንቡን የምንሠራው።

ሌላም የሚያስቸኩል ነገር አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ልሁን ብላ ካመለከተች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድርድር ላይ ናት። እዚያ ቤት ምን እንደሚጠብቅ ሌሎች አይተውታል። አሜሪካ፣ ካናዳና አርጀንቲና አውሮፓን ከስሰው በ2006 ረቱ። ብዙዎች «አውሮፓ ልውጥ ምግብ በመከልከሏ ተቀጣች» ብለው ያወራሉ። ፍርዱን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የተቀጣችው በማጓተቷ ነው፤ አንዳንድ አባል አገሮቿ ደግሞ የስጋት ግምገማ ሳያቀርቡ በማገዳቸው። ዳኞቹ የካርታሄናን ፕሮቶኮልም ሊጠቀሙበት አልፈቀዱም፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ የፕሮቶኮሉ አባል አይደሉምና። አሜሪካ እስከ ዛሬ አባል አይደለችም። ሜክሲኮም በሌላ የንግድ ስምምነት ዳኞች ፊት በበቆሎዋ ጉዳይ ከአሜሪካ ጋር ገጥማ በታኅሣሥ 2024 ተረታች፤ ቢያንስ ልውጥ በቆሎ ማሳዬ ላይ አይዘራም ብላ በመጋቢት 2025 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች። የበቆሎ እናት አገር ናት፣ ታደርገዋለች። ለእኛ የሚተርፈው ይህ ነው፤ በዚያ ቤት ስሜትና ጩኸት ዋጋ የላቸውም። በሰዓቱ የተሠራ፣ የተጻፈ፣ በሳይንስ የተደገፈ ውሳኔ ያለው ይከበራል። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ሰሚ የለውም።

እኛም የአንዳንድ ነገር እናት አገር ነን። ጤፍ እዚህ ተገኘ፤ ሩስያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ በእርሻችን ብዝኃነት ተደንቆ ሄደ። የካሊፎርኒያ ገብስ ከቫይረስ በሽታ የዳነው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ዘረ-መል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወሎ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» የሚለው ማሽላ ከሌላው ማሽላ የላቀ ገንቢ መሆኑን የአሜሪካ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ አረጋገጡ። ገበሬዋ ስሙን ስታወጣለት ላብራቶሪ አላስፈለጋትም።

የጤፉን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ግን ሁላችንም የምናወራው ግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጥቅሙን ሊያጋራን ተስማምቶ የጤፍ ዘር ወሰደ። በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይም በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። በ2009 ከሰረ። ከስምምነቱ አገራችን ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው፤ ባለቤትነቱ ግን ከከሰረው ኩባንያ ወደ ሌላ ስም ተሻግሮ ኖረ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ፈጠራ የሚባል ነገር የለበትም» ብሎ በሆላንድ ሻረው፤ ወሬው እዚህ ሲደርስ ጨፈርን። ግማሹ ታሪክ ይህ ነው። ሌላኛው ግማሽ የተከራከረው ማን እንደነበር ነው። እኛ አልነበርንም። ክርክሩ የሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበር፤ አንዱ ሌላውን ሲከስ ተከሳሹ ራሱን ለማዳን ብሎ ሰነዱን አስፈረሰ። ጤፋችንን ያስጣለልን የሰው ጠብ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ጠብ አይገኝም።

ለተመራማሪዎቻችን አንድ ቃል። ጠላት አድርጌ አላያችሁም። የእንሰት አጠውልግ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቀለብ በጓሮው ሲያረግፍ አውቃለሁ፤ ከቃሪያ በተወሰደ ዘረ-መል እንሰትን ለማዳን የሚደረገው ምርምር ለዚያች እናት የሚደረግ ነው። እንሰት ደግሞ የማንም የውጭ ኩባንያ ገበያ አይደለም። ቢሳካላችሁ ደስ ይለኛል። ግን የምትሠሩትን በፈረንጅ መጽሔት ላይ ብቻ አታስቀሩት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በጉራጊኛ ጻፉት። ውጤቱ የከሸፈበትንም ጻፉ። ሕዝብ የሚጠረጥረው የተደበቀበትን ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እንከፋፈለው።

ከሁሉ የከበደው ጉልበት ያለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ነው። እናንተ አንድ ጀሪካን አትገዙም፤ በመኪና ነው የምታስጭኑት። በምትፈራረሙት የግዢ ውል ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ «አቅራቢው ዘይቱ ከምን ሰብል እንደተጨመቀ፣ ሰብሉም ልውጥ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይገልጻል»። መንግሥት ደንብ እስኪያወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገዢ ደንብ ነው። ሦስት ትልልቅ ማኅበራት ይህን መስመር ከጨመሩ አስመጪው ላኪውን ይጠይቃል፤ ላኪውም መልሱ አለው፤ ለአውሮፓ ሲሸጥ ይጽፈዋልና።

የገበሬ ዩኒየኖች፣ የዘር ከረጢት ከነወረቀቱ አስቀምጡ፤ በየዓመቱ ምን ዘር፣ ከማን፣ በየትኛው ቀበሌ ተዘራ የሚለውን መዝግቡ። ሰሊጡንና ቡናውን የሚያስከብረው ያ መዝገብ ነው። ነባሩን ዘር በማኅበረሰብ የዘር ባንክ አኑሩ፤ የገበሬዋን ስምና ዘሩን የምትጠራበትን ስም አብራችሁ ጻፉ። የጤፉ ዓይነት ነገር ነገ ሲመጣ «ይህ ድሮም ነበር» የሚል የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤት አያትን አይጠይቅም።

ዲሲ፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ፣ ከገንዘባችሁ ይልቅ ዓይናችሁን እንፈልጋለን። የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። «ጤፍ»፣ «እንሰት»፣ «ኑግ» የሚለውን ቃል በየወሩ እየፈለገ የሚያነብ አምስት ሰው ያለው ቡድን በየከተማው ይቋቋም። ጠበቆች አላችሁ፣ ባዮሎጂስቶች አላችሁ። ተቃውሞ የሚቀርብበት ቀነ ገደብ ስላለ ከዘገየ አይረባም።

እድሮች ደግሞ ደብዳቤ ጻፉ። ስቀልድ አይደለም፤ በዚህ አገር እንደ እድር በየወሩ የሚሰበሰብ፣ ስምና ፊርማ በመዝገብ የያዘ ተቋም የታለ? የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። እኔ ለእድራችን ያረቀቅኩትን ከዚህ በታች አስቀምጬዋለሁ፤ ስሙን ቀይራችሁ ውሰዱት።

«ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤ ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ። እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የእድሩ አባላት፣ እስከ ዛሬ ወደ አገር እንዲገቡ፣ እንዲሞከሩ ወይም እንዲዘሩ የተፈቀደላቸው ልውጥ ሕያዋን ዝርዝር፣ ከፈቃዱ በፊት የተሠራው የስጋት ግምገማና የሕዝብ አስተያየት የተሰበሰበበት ሰነድ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ከውጭ የሚገባ የምግብ ዘይትና ዱቄት ከልውጥ ሰብል መሠራት አለመሠራቱ በማሸጊያው ላይ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ስለሚጻፍበት ሁኔታ የተያዘ ዕቅድ ካለ እንዲገለጽልን፣ ከሌለ እንዲያዝልን እንጠይቃለን። መልሱን በወሩ ስብሰባ ለአባላት ስለምናነበው አጭርና ግልጽ ቢሆንልን ደስ ይለናል። ከሰላምታ ጋር።»

ትናንት ማታ ይዤው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ «ልውጥ ሕያው» የሚለው ላይ ሲደርስ አስተረጎመኝ። ከዚያ ዘይት የነካ እጁን በጋዋኑ ጠረገና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። አንደኛው ፊርማ የኔ ነው፣ ሁለተኛው የእናቴ ነው፣ ሦስተኛው የሱ። አራተኛው መስመር ባዶ ነው።